«አልታየም» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኔ ስንት ሰው «አልታየም» የሚል ወረቀት ይዞ ከፊቴ እንደወጣ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ጎረቤቶቼ «እትዬ ሙሉ፣ አሁንስ አረፍሽ» ይሉኛል፤ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ግን ወልድያ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ሴት ትኩር ብላ ካየችኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ታውቀኝ ይሆን? ወረቀቱን የሰጠኋት እኔ እሆን? ያን ቀን በደንብ አይቼላት ነበር?

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ደም መውሰድ፣ ስላይድ በምንላት ትንሽ መስታወት ላይ መቀባት፣ ቀለም ማስያዝ፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሰገራም አክታም አይቻለሁ፤ ሀብሩ ውስጥ ለሠራ ሰው ግን ዋናው ወባ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ያለው ቆላ ሁሉ ያተኩሳል። የሠራሁበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጽፍም፤ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከመርሳ ብዙም የማይርቅ ነው ብል ይበቃል። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። የምናገረው ከሁሉ በፊት የራሴን ጥፋት ነውና ሌላ ሰው እንዲቀየመኝ አልፈልግም።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው ጤና ጣቢያ ነው። ወልድያ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ቆላውን አላውቀውም ነበር። ወረቀቴን ይዤ ስደርስ ላቦራቶሪው አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። መብራት ስላልነበረ ማይክሮስኮፑ በታችኛው መስታወቱ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል ዓይነት ነበር። ከኋላው ጋሽ ሁሴን ተቀምጠዋል፤ ሽበታቸው ጣል ጣል ያለ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤትማ ስሙን ነው ያስተማረኝ።

ጋሽ ሁሴን ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ በርጩማቸውን ሁለት ጊዜ ያስተካክላሉ፣ ሌንሱን ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋሉ፣ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ያስጠጋሉ። ዓይናቸውን ካስጠጉ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል አይናገሩም።

አንድ ደም ወባ አልተገኘበትም ለማለት መቶ ቦታ መታየት አለበት። በማይክሮስኮፑ ክብ ውስጥ ባንድ ጊዜ የምትታየውን ቦታ እኛ ፊልድ እንላታለን። አንዷን አይቶ ስላይዱን ጥቂት መግፋት፣ ሁለተኛዋን አይቶ መግፋት፣ እንዲህ እስከ መቶ። ጋሽ ሁሴን ዚክር እንደሚያደርግ ሰው የጣታቸውን አንጓ እየነኩ ይቆጥራሉ። መሐል ላይ ሰው ገብቶ ካናገራቸው፣ ሰባኛዋ ላይም ቢደርሱ፣ ከአንድ ይጀምራሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ይኼ ነገር ያቃጥለኝ ነበር። ሕመምተኛ ውጭ ተሰልፎ ሳለ ሰውዬው እንደገና ከአንድ!

የደሙን ጠብታ ውፍረትም በዓይን መለካት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስላይዱን አሮጌ ጋዜጣ ላይ ያስቀምጡና «አንብቢ» ይሉኛል። ፊደሉ ፍንትው ብሎ ከተነበበ ደሙ ሳስቷል፤ ጭራሽ ካልተነበበ ወፍሯል፣ ሲታጠብ ተልጦ ይሄዳል። እንደ ምንም ብሎ ከተነበበ ልክ ነው። የቀባሁትን ሁሉ እያስነበቡኝ አንድ ወር ሙሉ አሮጌ ዜና ስማር ከረምኩ።

አንድ ቀን በውጤት ወረቀት ላይ «ወባ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አዩትና ጽሑፉን ሰረዙት።

«የለም አትበይ» አሉኝ። «አልታየም በይ። የለም ማለት የሚችል አላህ ብቻ ነው። አንቺ መቶ ቦታ አይተሽ ያላየሽ ሰው ነሽ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው ጋሽ ሁሴን?»

«ልዩነቱማ፣ የለም ያለ ሰው ይተኛል። አላየሁም ያለ ሰው ነገም ያያል።»

ነገሩ የገባኝ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ማሽላ ሊያጭድ የወረደ አንድ የቀን ሠራተኛ በመጣ ጊዜ ነው። ሰውነቱ እሳት ሆኗል። ደገኛ ቆላ ወርዶ ካተኮሰ ወባ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው ያልነው። ሕመምተኛ የሚያየው መርማሪ መድኃኒት ሊጽፍለት እጁን አንስቶ ነበር። ደሙን እኔ አየሁ፤ መቶ ቆጥሬ ወባ አጣሁ። «አልታየም» ብዬ ልጽፍ ስል ጋሽ ሁሴን «ቆዪ» ብለው ተቀመጡ። ስላይዱን ከአንድ ጀምረው አዩ።

«ነይ እዪ። ወባን ስትፈልጊ ሌላውን አልፈሽዋል።»

ሳይ፣ በቀይ ሕዋሶቹ መሐል ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ፣ እንደ ተተረተረ ክር የተጠማዘዙ ቀጫጭን ነገሮች ተኝተዋል። ቅማል የሚያመጣው፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት ነበር። ሰውዬው በሌላ መድኃኒት ዳነ። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ፤ ዓይኔ ያለፈው ነገር ይኖር ይሆን የሚል ፍርሃት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሎኝ አያውቅም።

ጋሽ ሁሴን ጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኔም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፣ ጥቂት ዓመት ወልድያ ሠራሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ስብሰባ ይሄድና ጓንት አጥተን እንውላለን። አንዷ ደግሞ ደሞዝ ሲዘገይ ከራሷ አውጥታ የምታበድር ደግ ሴት ነበረች፤ እሷን ቶሎ አነሷት። ስለ ደሞዝ ብዙ አልጽፍም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሰዓቱ የደረሰበትን ወር አስታውስ ብባል አላስታውስም፤ ይኸው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጤና ጣቢያ እንድመለስ ተመደብኩ። ስደርስ ላቦራቶሪው ባዶ ግድግዳ ነበር። ማይክሮስኮፕ የለ፣ ወንበር የለ፣ የመስኮቱ መስታወት እንኳ የለ። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ በእርዳታ አንድ ማይክሮስኮፕ መጣልን። ሁለት ባለሙያ ሆነን ጀመርን። ጓደኛዬ ግን ዓመት ሳይሞላው ወልድያ የግል ላቦራቶሪ ገባ። «እትዬ ሙሉ፣ ይቅር በዪኝ፤ በዚህ ደሞዝ የቤት ኪራይ አልችልም» አለኝ። ምን ልበለው? ሄደ። በቦታው ሰው አልተተካም።

ኃላፊያችን ዳዊት የሚባል ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ከእኛ ቀድሞ ይገባል፣ ከእኛ በኋላ ይወጣል፤ ሚስቱ አራስ ነበረች። ግን ከበላዩ ያሉት ሰዎች በስልኩ ውስጥ ነበሩ። የወረዳው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ የገቡበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ስንት ሰው እንዳየ፣ ስንት ደም እንደመረመረ፣ አንድ ሕመምተኛ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ይላካል። ከዚያ በተራ ይደረደራል። አንደኛ ለወጣው ያጨበጭቡለታል፤ መጨረሻ ለወጣው «ምክንያቱ ይገለጽ» ይባላል።

ዳዊት በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን ያስገባል። «እትዬ ሙሉ፣ አሁንም ሠላሳ ደቂቃ አለፈ። ትንሽ ይፍጠኑልኝ።»

«ቀለሙ ራሱ ጊዜውን ይፈልጋል፣ ዳዊት። ሰው ጨምርልኝ።»

«ጽፌያለሁ። በጀት የለም አሉ።»

እኔም ጽፌ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። መልሱ ያው ነበር።

መቶ ያልኩት ሰማንያ ሆነ። እንዴት እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። ከዚያ ስልሳ። ጥቅምት ላይ ትኩሳቱ ሲብስ፣ ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ዋንዛው ዛፍ ሲደርስ፣ ሠላሳ። ለራሴም «ብዙ ወባ ያለበት ደም በሠላሳውም ይታያል» እለው ነበር። ውሸት አልነበረም። ጥቂት ያለበትስ? ይህን ጥያቄ ከራሴ ጋር ላለማንሳት ፈጠን ፈጠን እል ነበር። ወረቀቱን ከሰጠሁ በኋላ ግን ሰውዬው በሩን ሲወጣ «ና ተመለስ» ልለው እልና ሌላው ጣቱን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል።

ከድጃ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከውርጌሳ ወዲያ ካለ መንደር፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። በፍጥነት ውጤት የሚሰጠው መመርመሪያ ካለቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለነበር ያለው የእኔ ዓይን ብቻ ነው። ባሏ ይመር በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጣቷን ስወጋት «ውይ» ብላ ሳቀች። ደሟን አየሁ። ሠላሳ። «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። የትኩሳት ማስታገሻ ተሰጣትና ሄደች።

የዚያን ቀን ሰባ አንድ ሰው ነበር የመረመርኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጤና ጣቢያችን አንደኛ ወጥቷል፤ ግሩፑ ሙሉ ያጨበጭባል።

በሦስተኛው ቀን ይመር በባጃጅ ይዟት መጣ። ራሷን አታውቅም። ዓይኗ ተገልብጦ ትንቀጠቀጣለች። መርማሪው የሚችለውን አደረገላትና በአምቡላንስ ወደ ወልድያ ላክናት። አምቡላንሱ ሲወጣ እኔ ወደ ላቦራቶሪው ሮጥኩ። ስላይዶችን ለቁጥጥር በሣጥን እናስቀምጣለን። ቁጥሯን ፈልጌ አወጣሁት፤ ሌንሱ ጥርት አድርጎ እንዲያሳይ የምናደርገውን ዘይት ጠብ አደረግሁበት። በሩን ቆለፍኩና ከአንድ ጀመርኩ።

ሠላሳ ድረስ ምንም የለም። አርባ፣ ምንም። «እመቤቴ፣ ንጹሕ አድርጊልኝ» እያልኩ ነበር፤ አያሳፍረኝም፣ ለከድጃ ሳይሆን ለራሴ ነበር የምለምነው። አርባ ሰባተኛዋ ላይ ሁለት የወባ ቀለበቶች፣ ጎን ለጎን። ቀይ ነጥባቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። አሥራ ሰባት ቦታ ብጨምር ኖሮ አገኛቸው ነበር።

ለዳዊት አሳየሁት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ያን ቀን አልነበረም፣ በኋላ ነው የያዛት ማለት ይቻላል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ስላይዱ የዚያን ቀን ነው።»

«ስላይዱን ማን ያያል፣ እትዬ ሙሉ?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ከድጃ ነፍሷ ተረፈ። ልጁ ግን በሆዷ ሞተ። ይህን የሰማሁት ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ፈቃድ ሳልጠይቅ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ሲሪንቃን ማለፋችንን እንኳ አላየሁም። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ይመርን አገኘሁት። ሊስመኝ ተነሣ። ሰላምታውን ሳልጨርስ ነገርኩት። ተሳስቻለሁ፣ ደሟ ውስጥ ነበረ፣ በደንብ አላየሁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይመር በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሊመታኝ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ቢመታኝም ይቀለኝ ነበር።

«ያን ቀን ስንት ሰው አዩ?» አለኝ።

«ሰባ አንድ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ይቻላል እንዴ እሱ?»

«አይቻልም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔኮ በሬዬን ከጉልበቱ በላይ ጥመደው ቢሉኝ እንቢ እላለሁ። አንቱ ምነው እንቢ አላሉ?»

ፈርቼ ነው ማለት እችላለሁ። ደረጃ እንዳይቀርብኝ፣ ጡረታዬ ሲቃረብ ስሜ እንዳይነሣ። በዚያ በረንዳ ላይ ግን ይህን ለእሱ ማለት አልቻልኩም። ከድጃን ልያት አልኩት። «ተኝታለች፣ ይተዋት» አለኝ። ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት በላቦራቶሪው በር ላይ በእጄ ጽፌ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «በቀን ከአርባ ሰው በላይ ደም አይመረመርም። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የከፋባቸው ይቅደሙ።» አርባውን ያወጣሁት በግምት አይደለም፤ መቶ መቶ ፊልድ ስቆጥርላቸው በሥራ ሰዓት የምደርሰው እዚያ ድረስ ነበር።

ዳዊት ወረቀቱን አይቶ ሊገነጥለው እጁን ዘረጋና ተወው። «ያጠፉናል፣ እትዬ ሙሉ» አለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። አርባ አንደኛው ሰው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ «የመንግሥት እንጀራ እየበላሽ በር ትዘጊብናለሽ?» አሉኝ። «ነገ መጀመሪያ እርስዎ ነዎት» ብዬ ቁጥር ሰጠኋቸው። በማግሥቱ መጡ፤ ወባ ተገኘባቸው። አንድ ቀን የዘገዩት በእኔ ምክንያት ነው። ይህንንም ይዤው እዞራለሁ። ትክክል ሠራሁ ብዬ ደረቴን የነፋሁበት ቀን አልነበረም፤ በሁለት ፍርሃት መሐል አንዱን መረጥኩ እንጂ።

በግሩፑ ላይ መጨረሻ ወጣን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሚገርመው ስለ ሠራተኛ እጥረት ወይም ስለ ከድጃ አንድ ቃል የለበትም። «አገልግሎት በማስተጓጎልና ያለ ፈቃድ ለተገልጋይ ቤተሰብ መረጃ በመስጠት የተቋሙን ስም በማጉደፍ» ይላል። ደብዳቤው ከማኅደሬ ገባ፣ በዚያ ዓመት የሚገባኝ የደረጃ ዕድገት ቀረ፤ ጡረታዬም በዚያው ልክ አነሰ።

ወረቀቱን ግን ከበሩ አላነሣሁም። ጥር ላይ አንዲት አዲስ ተመራቂ ልጅ ተመደበችልን፤ ሁለት ሆንን። ለብዙ ጊዜ የበር ወረቀቴ ያመጣት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው ዳዊት ወረዳ ተጠርቶ «ቁጥሩ ለምን ወረደ» ሲባል የከድጃን ነገር አፍረጥርጦ እንደተናገረ የሰማሁት። «ሰው ስጡኝ፣ አለዚያ እኔንም አንሡኝ» ብሏቸዋል። ሰውም ሰጡት፣ እሱንም አነሡት። ሲሰናበተኝ «እርስዎ ሳይሆኑ እኔ ነበርኩ ያን ወረቀት መለጠፍ የነበረብኝ» አለኝ። አንድም ቀን ሳላመሰግነው ሄደ።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ከድጃ መጣች። በሩ ላይ ሳያት አወቅኳት። እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ አምስት ወር። ታተኩሳለች።

«ሌላ ባለሙያ አለች፣ እሷ ትይሽ» አልኳት።

«አይ፣ አንቱው ይዩኝ» አለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጣቷን ዘረጋችልኝ። «መርሳ ያለው የግል ክሊኒክ ይሻልሻል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ዓይኑ ይከፈታል ብዬ መጣሁ።»

ፈጣኑ መመርመሪያ ምንም አላሳየም። ስላይዱን መቶ አየሁ፣ ሁለት መቶ አየሁ። ምንም። ሽንቷን ስንመረምር ኢንፌክሽን ተገኘና መድኃኒት ተጀመረላት። ትኩሳቱ ከዚያ ነው፣ መርማሪውም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን «ነገም ነይ» አልኳት። መጣች። መቶ፣ ሁለት መቶ። «ነገም ነይ።» በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ፊቷ በርቶ፣ ላቧ ደርቆ ነበር። አሁንም አየሁ። ባልደረባዬ ልጅም አየችላት። ምንም።

ብዕሬን አንሥቼ ሳልጽፍ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው? ተገኘ እንዴ?» አለች።

«አይ፣ አላየሁም።»

«ታዲያ ይጻፉት እንጂ።»

«ነገ አንድ ቀን ብትመለሺ...»

«ነገማ ገበያ አለብኝ» አለች ሻርፗን እያስተካከለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ልትለኝ ፈልጋ፣ ለትልቅ ሰው አይባልም ብላ መሰለኝ ፈገግ አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ አዩኝ። እኔ አምኛለሁ። አንቱም ይመኑ።»

ጻፍኩ። «አልታየም።» ከሥሩ ስሜን ሙሉውን ጻፍኩና ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ወጣች። ልጇ በሰላም መወለዱን ከወራት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያን ቀን ግን ምንም አላውቅም ነበር። አስፋልቱን ተሻግራ ባጃጅ እስክትሳፈር ድረስ በመስኮቱ አየኋት። ሮጬ ልመልሳት ሁለት ጊዜ በሩን ያዝኩ።

ውጭ አሥራ አራት ሰው ይጠብቅ ነበር። በሩን ከፈትኩና «የሚቀጥለው ይግባ» አልኩ።